መነሻውን ስለሚስት ማሽን

በኮምፒዩተር የሚመራው አነስተኛ ፍሬዛ፣ ሲኤንሲ የምንለው ማለት ነው፣ ቦታውን ሳይረሳ የሚይዝ ኢንኮደር ካልተገጠመለት በቀር፣ መብራት በሄደ ቁጥር የቆመበትን ስፍራ ይረሳልና፣ ኃይሉ ሲመለስ ከሥራ ሁሉ አስቀድሞ መነሻውን ይፈልግ ዘንድ ግድ ነው፤ ሆሚንግ የሚባለው ሥርዓትም ይኸው ነው። ጠረጴዛው ወደ ዳር ሄዶ ሊሚት ስዊቹን ይነካል፤ በዝግታ እያፈገፈገ ስዊቹን ከለቀቀ በኋላም ኢንኮደሩ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠውን ምልክት ሲያገኝ ያንን ነጥብ ዜሮ ብሎ ይይዛል። በቢቸናም በሞጣም መብራት ሄዶ መምጣቱ እንግዳ ስላልሆነ፣ የዚህ ሥርዓት ሕፀፅ ከሌላው ስፍራ ይልቅ በእኛ ዘንድ ፈጥኖ ይገለጣል።

በሞጣ ባለ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ለእህል ወፍጮ የሚሠራው ፍላንጅ አንዳንድ ቀን ቀዳዳው ከስፍራው ፈቀቅ ብሎ ይወጣ ነበር። ሠራተኞቹም የሥራውን ዜሮ እያዘዋወሩ ጉድለቱን ያቃኑት ነበር፤ ነገር ግን ዋናው ዜሮ ሲሳሳት ለጠረጴዛው በፕሮግራም የተወሰነለት ድንበርም አብሮ ይሳሳታልና፣ ይህ ልማድ እጅግ አደገኛ ነው። ከቢቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ መምህሩ ቅኔው የተሰበረበትን ተማሪ ወደ መጀመሪያው ቤት እንደሚመልሱት፣ እኔም ሠራተኞቹን ወደ መነሻው መለስኳቸው።

ዳያል ኢንዲኬተር ከጠረጴዛው ጎን አስጠግተን ሆሚንጉን ደጋግመን አስኬድነው። መርፌው ብዙ ጊዜ በዚያው በቀድሞው ጭረት ላይ ሲያርፍ ቆየና፣ በድንገት አምስት ጊዜ ሙሉ ዞሮ ቆመ፤ አንዱ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ 5 ሚሊ ሜትር ነበር። የቦል ስክሩው አንድ ዙርም ጠረጴዛውን የሚያስኬደው ልክ 5 ሚሊ ሜትር ነው! ልዩነቱ ሥርዓት የሌለው ቢሆን ኖሮ የላላ መጋጠሚያ ወይም ከኢንቨርተሩ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ እንፈልግ ነበር፤ ይህ ግን በልክ የተቈረጠ ስሕተት ስለነበር ምክንያቱን ራሱ ነገረን። ስዊቹ የሚለቅበት ነጥብና የኢንኮደሩ ምልክት እጅግ ተቀራርበው ስለነበር፣ በስዊቹ ራስ ላይ የተጋገረው ዘይትና ፍቅፋቂ ጥቂት ባዘገየው ቁጥር ያ ምልክት ያልፍና ማሽኑ የሚቀጥለውን ዙር ምልክት ይይዛል።

ስዊቹን ካጸዳን በኋላ የሚነካውን ብረት ብሎኑን አላልተን 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ዙር፣ ፈቀቅ አደረግነው፤ ዋናውንም ዜሮ እንደ ገና ለክተን አጸናነው። አዲስ ዕቃ አልተገዛም።

በቢቸናና በሞጣ ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ማሽኑ ጤነኛ ሳለ ስዊቹ ከሚለቅበት ነጥብ እስከ ምልክቱ ያለውን ርቀት ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ለክታችሁ በመቆጣጠሪያው ሣጥን መዝጊያ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ።