ለቤታችን የኤሌክትሪክ ሽቦ ስንገዛ ምን እንመልከት?



ከእናንተ መካከል በትምህርት ቤት ዕረፍት ወደ ጅቡቲ ከተማ ሄዳችሁ ከዘመድ ጋር የምትከርሙ አላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ሙያ ተምራችሁ በኤሌክትሪክ ሥራ ለመተዳደር ታስቡ ይሆናል። በከተማው፣ በተለይም በባልባላና በቆዩት ሰፈሮች፣ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠሩ ቤቶች ብዙ ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ሽቦ ከመጠን በላይ ከጋለ፣ የሚቀጣጠለው እንጨት አጠገቡ ነው፤ የጎረቤት ቤትም ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ሽቦ መምረጥ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ቤት ያለው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥሩውን ሽቦ ከመጥፎው ለመለየት የሚረዱ ነጥቦችን እናቀርብላችኋለን።

ሽቦ ለምን ይግላል?

ኮረንት በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሽቦው በመጠኑ ይቃወመዋል። በዚህ ተቃውሞ የሚባክነው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱን የሚወስኑት በተለይ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የሽቦው ውፍረት፣ የተሠራበት ማዕድንና የሚያልፍበት ኮረንት ናቸው። ሽቦው በቀጠነ ቁጥር ተቃውሞው ይጨምራል። ውፍረታቸው እኩል ከሆነ አሉሚኒየም ከመዳብ 1.6 ጊዜ ያህል የበለጠ ይቃወማል። ኮረንቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን አትርሱ፤ ብዙ ዕቃ በአንድ ሽቦ ላይ መሰካት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ጅቡቲ ከምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ ከፊሉ ከኢትዮጵያ በድሬዳዋ በኩል ይመጣል። መስመሩ 230 ሺህ ቮልት ነው። ቮልቱ እንዲህ ከፍ የሚደረገው ለተመሳሳይ ኃይል የሚያስፈልገው ኮረንት እንዲያንስና በመንገድ ላይ በሙቀት የሚባክነው እንዲቀንስ ነው። ከቤታችን ሲደርስ ግን 220 ቮልት ብቻ ሆኖ ነው። ስለዚህ ለአንድ ዓይነት ሥራ በቤታችን ሽቦ የሚያልፈው ኮረንት እጅግ ይበዛል ማለት ነው።

ለምሳሌ 3500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ እንውሰድ። 3500ን ለ220 ስናካፍል ወደ 16 አምፔር ይመጣል። በአንጻሩ 60 ዋት የሚወስድ ቬንቲላተር አንድ ሦስተኛ አምፔር እንኳ አይሞላም። ምጣድና ቬንቲላተር በአንድ ዓይነት ሽቦ አይሠሩም የምንለው ለዚህ ነው።

የአገሩ ሙቀት የሚያመጣው ልዩነት

የሽቦ አቅም የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ዲግሪ የአየር ሙቀት ነው። በጅቡቲ ከተማ ግን በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ፀሐይ በመታው ቆርቆሮ ሥር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የተለመደው የሽቦ ፕላስቲክ ልባስ የሚችለው 70 ዲግሪ ድረስ ነው። አየሩ ራሱ 50 ዲግሪ ከሆነ ለሽቦው የሚቀረው 20 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ የመሸከም አቅሙ ወደ 71 ከመቶ ይወርዳል።

ሁለት ሽቦ በአንድ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሲዘረጋ፣ የመዳቡ አቅም እንደሚከተለው ነው፦

ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፦ በ30 ዲግሪ 17 አምፔር፣ በ50 ዲግሪ 12 አምፔር ያህል።
ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፦ በ30 ዲግሪ 24 አምፔር፣ በ50 ዲግሪ 17 አምፔር ያህል።
ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ፦ በ30 ዲግሪ 32 አምፔር፣ በ50 ዲግሪ 22 አምፔር ያህል።

ከዚህ እንደምንረዳው በደጋ አገር ያለ ችግር የሚሠራ ሽቦ በጅቡቲ ሊግል ይችላል። በጠቅላላው ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ ደግሞ ለብቻው የተዘረጋ 4 መምረጥ ተገቢ ነው።

ከሱቅ ስንገባ

1ኛ. ጽሑፉን ማንበብ። በጥሩ ሽቦ ልባስ ላይ የፋብሪካው ስም፣ ውፍረቱና የሚችለው ቮልት ታትሞ ይገኛል። በግድግዳ ላይ ለሚዘረጋ ሽቦ «450/750 ቮልት» የሚል ወይም «ኤች 07 ቪ» ብሎ የሚጀምር ምልክት እንፈልግ። ምንም ያልተጻፈበትን ሽቦ መተው ይሻላል።

2ኛ. መዳብ መሆኑን ማረጋገጥ። አንዳንዱ ሽቦ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ከላይ ብቻ መዳብ የተቀባ ነው። ጫፉን በቢላ ፋቅ ስናደርገው ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ አይደለም። ክብደቱም ያጋልጠዋል፤ መዳብ ከአሉሚኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳልና። በባሕር ዳር እርጥበትና ጨው ባለበት አየር አሉሚኒየምና መዳብ የተገናኙበት ቦታ ቶሎ ይበላል፤ መጋጠሚያውም ይላላል፣ የላላ መጋጠሚያም ይግላል።

3ኛ. ውፍረቱን መለካት። የተጻፈው ሁሉ እውነት ላይሆን ይችላል። ድፍን የሆነውን ሽቦ ልባሱን ገፈን በእርሳስ ላይ 10 ጊዜ አጠጋግተን እንጠምጥመውና ጥምጥሙን በማስመሪያ እንለካው። ባለ 1.5 ወደ 14 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 2.5 ወደ 18 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 4 ደግሞ ወደ 23 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባል። ከዚህ በጣም ካነሰ ሻጩ የሚያስከፍለን ላልሰጠን መዳብ ነው።

4ኛ. ልባሱን መመርመር። ሽቦውን አጥፈን ስንዘረጋው ልባሱ መሰንጠቅ የለበትም። የተቆረጠውን ጫፍ ስናይም መዳቡ መሐል ላይ መሆን አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ በዚያ በኩል ልባሱ ስስ ነው።

5ኛ. ቀለሙን መለየት። በፈረንሳይ ደንብ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለው የመሬት መስመር ነው። ቀይ፣ ጥቁር ወይም ቡናማው ፌዝ ነው። በአንድ ቀለም ብቻ የተዘረጋ ቤት በኋላ የሚጠግነውን ሰው ለአደጋ ያጋልጣል።

ሽቦውን የሚጠብቀው ብሬከር

ብሬከር ወይም ፊውዝ በመጀመሪያ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከሽቦው አቅም መብለጥ የለበትም። በሞቃት ጣሪያ ሥር ለ1.5 ሽቦ 10፣ ለ2.5 ሽቦ 16፣ ለ4 ሽቦ 20 አምፔር ይበቃል። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወድቅ በትልቅ መለወጥ፣ ወይም የተቃጠለ ፊውዝን በሽቦ ቁራጭ መተካት፣ ዘበኛውን አባርሮ በር ከፍቶ እንደማደር ነው። መፍትሔው ከመስመሩ ላይ ዕቃ መቀነስ ወይም ሌላ መስመር መዘርጋት ነው። የሰውን ሕይወት ለመጠበቅ ደግሞ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ያስፈልጋል።

የዝርጋታውን ሥራ ራሳችሁ ለመሥራት አትሞክሩ፤ ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ተዉት። ሽቦውን ለመግዛት ግን ዕውቀታችሁ ለቤተሰባችሁ ይጠቅማል። አባት ወይም እናት በብዙ ድካም ባገኙት ገንዘብ ሽቦ ሲገዙ፣ አብራችሁ ሄዳችሁ ጽሑፉን ማንበብና ውፍረቱን መለካት ትችላላችሁ። በጥሩና በመጥፎ ሽቦ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው፤ ቤት ከተቃጠለ ግን የሚጠፋው በዋጋ አይተመንም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

መልመጃ፦ በአንድ ባለ 1.5 ሽቦ ላይ ማቀዝቀዣ (150 ዋት)፣ ቬንቲላተር (60 ዋት) እና ካውያ (1500 ዋት) ተሰክተዋል። ስንት አምፔር ይሆናል? 1500 ዋት የሚወስድ የውሃ ማፍያ ቢጨመርስ በ50 ዲግሪ ሙቀት ሽቦው ይችለዋልን?

መልስ፦ መጀመሪያ ወደ 7.8 አምፔር ነው፤ ሽቦው ይችላል። ማፍያው ሲጨመር ወደ 14.6 አምፔር ስለሚደርስ ሽቦው አይችልም።