ባሌስትራን ስለ ማሳነስ

ከደሴ በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም በሚዘልቀው የደጋ መንገድ የሚመላለሰውን ላንድክሩዘር በ10 እጅ አሳንሶ ሊሠራ የተነሣ ሰው፣ አካሉንና ቀለሙን ምንም ቢያሳምር፣ የባሌስትራውን ጠባይ ካልመረመረ በቀር፣ ያበጀው አምሳል ድንጋይ ላይ ሲወጣ አንድ ጎማውን አየር ላይ ሰቅሎ ይቀራል።

ምክንያቱም ርዝመት በ10 ሲካፈል ክብደት በ1,000 ይካፈላልና 2,000 ኪሎ የነበረው 2 ኪሎ ይሆናል፤ ስለዚህ የባሌስትራው ጥንካሬ በ100 መካፈል ሲገባው፣ ብረቱን በልኩ አሳንሶ የቆረጠ ሰው የሚያገኘው በ10 ብቻ የተካፈለ፣ ይኸውም ከሚገባው 10 እጥፍ የደደረ ባሌስትራ ነው። ነገር ግን ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ ጥንካሬ ወደ ስምንተኛ እጅ ስለሚወርድ፣ የእያንዳንዱን ድርብርብ ብረት ውፍረት ከልኩ ግማሽ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይበቃል። (ብረቶቹን በቁጥር መቀነስም ይቻላል፤ ለዓይን ግን አያምርም።)

አንዱ ጫፍ በተወዛዋዥ ማያያዣ ይንጠልጠል፤ ሁለቱም በብሎን ከጠበቁ ባሌስትራው ሲዘረጋ መሄጃ ያጣል።

ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት 78 እና 79 የተባሉት የላንድክሩዘር ሞዴሎች ከፊት ጥቅል ሞላ ስላላቸው፣ ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት መናኸሪያ ከቆመች መኪና ሥር ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ።