ተቅማጥ ሲይዝ ውሃ ወደ ሰውነት የሚገባበት በር

(በሬዲዮ የቀረበ የጤና ትምህርት)

ዛሬ የምንነጋገረው ተቅማጥ ለያዘው ሰው ለምን ጨውና ስኳር ያለበት ውሃ እንደሚሰጠው ነው። «ልጁ ያስቀምጠዋል፤ ካጠጣነው ይብስበታል» የሚሉ ወላጆች አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ብዙ ጊዜ ለሞት የሚዳረገው ውሃና ጨው ከሰውነቱ ስለሚያልቅበት ነው።

ሰውነታችን በዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ስስ ሽፋን አለው። ጨውና ስኳር በዚህ ሽፋን እንዲሁ አያልፉም፤ የየራሳቸው በር አላቸው። ውሃ ደግሞ ጨውና ስኳር ወደ በዛበት ወገን ይሳባል። የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ስትነሰንሱ ውሃ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

የኮሌራ መርዝ የአንጀት ሕዋሳት ጨውና ውሃ ወደ ውጭ እንዲያፈሱ ያደርጋል። ያን ጊዜም ቢሆን ግን አንድ በር ይሠራል። ይህ በር ጨውና ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር አንድ ላይ ያስገባል። ሁለቱ ሲገቡ ውሃም ይከተላቸዋል።

ይህ በስደተኞች መካከል በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ሕንድ ውስጥ ባንጋኦን በተባለ ቦታ የተጠለሉ ሰዎችን ኮሌራ ፈጃቸው። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውሃ በጥብጠው በበርሜል አቀረቡ፤ ቤተሰብም በኩባያ እየቀዳ አጠጣ። ከ100 ታማሚዎች እስከ 30 ይሞቱ የነበረው ወደ 4 ገደማ ወረደ።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከጤና ጣቢያ የተሰጣችሁን የኦአርኤስ ፓኬት በላዩ ላይ በተጻፈው መጠን ንጹሕ ውሃ በጥብጡ።

2. ፓኬት ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ከዚህ አታብዙ። ስኳር ከበዛ ውሃውን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል፤ ጨው ከበዛ ሕፃኑን ይጎዳል።

3. ባስቀመጠው ቁጥር ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ስጡ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ።

4. ጡት ማጥባትም ሆነ ምግብ መስጠት አታቋርጡ። ከ24 ሰዓት ያለፈውን ብጥብጥ ድፉት።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመና መጠጣት ካቃተው፣ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለው ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በመንገድም መጠጣት ከቻለ ማጠጣቱን አታቁሙ። እንደ ውሃ የሚወርድ ብዙ ተቅማጥ ከሆነ፣ ታማሚው አዋቂም ቢሆን፣ እንዲሁ አድርጉ።