ውኃ በተሰነጠቀ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

በባሌ ምድር፣ ከጎባና ከሮቤ በስተምሥራቅ፣ ከደጋው ተራራ የሚወርደው የዌይብ ወንዝ ቆላው ዘንድ ሲደርስ፣ እንደ ሌሎች ወንዞች ኮረብታውን ዞሮ ማለፉን ትቶ በድንጋዩ ሆድ ይገባል፤ በጨለማ ተጉዞም ከማዶ እንደ ገና ወደ ብርሃን ይወጣል። ይህ ስፍራ የሼኽ ሶፍ ዑመር መታሰቢያ በመሆኑ ለዝያራ የሚመጡ ምእመናን ከጥንት ጀምሮ ሲያከብሩት የኖሩት የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ወደ ኢትዮጵያ የመጡ የእንግሊዝ ዋሻ አጥኚዎች መተላለፊያዎቹን ለክተው ካርታ ባነሡ ጊዜ ድምሩ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ፤ ነገር ግን ከርዝመቱ ይልቅ የሚያስደንቀው መልኩ ነው። የሚበዙት መተላለፊያዎች በገመድ ተለክቶ እንደ ተቀየሰ የከተማ መንገድ ቀጥ እያሉ ይሄዳሉ፣ እርስ በርሳቸውም እየተቋረጡ መስቀለኛ ይሠራሉ።

ቅያሱን ያወጣው፣ ውኃው ከመምጣቱ አስቀድሞ በድንጋዩ ውስጥ የነበረው ስንጥቅ ነው። ይህ የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ ይኸውም ከዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የምሥራቅ አፍሪካን ሰፊ ክፍል ሸፍኖት ከነበረው ባሕር ሥር የዛጎልና የጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪት ከኖራማ ጭቃ ጋር ተደራርቦና ተጨምቆ የተገኘ ሲሆን፣ ወገኑ ከመቀሌ አካባቢ እስከ ሐረርጌና እስከ ባሌ ድረስ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ባሕሩ ሸሽቶ ምድሪቱ ወደ ላይ በተነሣች ጊዜ፣ እሳተ ገሞራም ባዛልቱን ባፈሰሰባት ጊዜ፣ ታላቁም ስምጥ ሸለቆ በተከፈተ ጊዜ ድንጋዩ ተለጥጦ ተሰነጠቀ። ድንጋዩ ተከፍሎ ሁለቱ ወገኖች በስፍራቸው የቀሩ እንደ ሆነ ስንጥቅ እንለዋለን፤ አንዱ ወገን በሌላው ላይ ተንሸራትቶ ከፍ ዝቅ ያለ ወይም ወደ ጎን የሄደ እንደ ሆነ ግን ስብራት እንለዋለን።

ንጹሕ ውኃ የኖራ ድንጋይን ለማሟሟት ያለው ኀይል እጅግ ጥቂት ነው። ዝናብ ግን ከአየር፣ ይልቁንም የዕፀዋት ሥሮችና ረቂቃን ሕያዋን ከሚተነፍሱበት አፈር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ሲቀበል ለስላሳ አሲድ ይሆናል፤ ይህም አሲድ ድንጋዩ የተሠራበትን ካልሳይት የተባለ ማዕድን አሟሙቶ በዓይን በማይታይ መልክ ተሸክሞት ይሄዳል። የድንጋዩ ገላ ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ ውኃው መንገድ የሚያገኘው በስንጥቁ ነው። በዚህ ረገድ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ሕግ አለ፤ በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ የሚያልፈው የውኃ መጠን የሚያድገው በስንጥቁ ስፋት ሦስተኛ ርቢ ልክ ነው። ስለዚህ አንዱ ስንጥቅ ከጎረቤቱ ሁለት እጥፍ ቢሰፋ የሚያሳልፈው ውኃ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ብዙ ውኃ ያለፈበትም ስንጥቅ ፈጥኖ ይሰፋል፤ በሰፋ መጠንም ከጎረቤቶቹ እየነጠቀ ይበልጥ ውኃ ይስባል። በመጀመሪያ በጥቂት ብቻ ይበላለጡ የነበሩ ሁለት ስንጥቆች፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ አንደኛው ሰው ቆሞ የሚሄድበት አዳራሽ፣ ሁለተኛው ምላጭ የማያስገባ መስመር ሆነው ይገኛሉ። እንዲህ ባለ ዋሻ ውስጥ የቆመ ሰው መብራቱን ወደ ጣሪያው ቢያነሣ፣ በመተላለፊያው አናት ላይ ከመነሻው እስከ መድረሻው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ያያል፤ አዳራሹ ከዚያ ተወለደ።

ይህ ለምድር ገጽ በቀረበው ድንጋይ የሚሆነው ነው። በሺህ ሜትርና ከዚያም በበለጠ ጥልቀት በተቀበረው ድንጋይ ዘንድ ግን ነገሩ ይረቅቃል፤ ከላይ የወረደው ውኃ አሲዱን በመንገድ ጨርሶ፣ መሸከም የሚችለውን ያህል ኖራ ተሸክሞ ይደርሳልና የሚያሟሟበት ኀይል አይቀርለትም። ሆኖም ነዳጅ ዘይት ፈላጊዎች በዚያ ጥልቀት እንኳ የተቦረቦረ ድንጋይ ያገኛሉ፤ መሰርሰሪያውም ድጋፍ አጥቶ በባዶው ውስጥ ድንገት የሚወርድበት ጊዜ አለ። ለደከመው ውኃ ኀይሉን የሚመልስለት ምንድን ነው ቢሉ፣ መልሱ የሚገኘው ከስብራቱ ዘንድ ነው።

አንደኛው ምክንያት መቀላቀል ነው። የስዊዘርላንዱ ሊቅ አልፍሬድ ቦግሊ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳስረዳው፣ ሁለት ውኆች እያንዳንዳቸው በኖራ ጠግበው ለየብቻቸው ድንጋይ ማሟሟት የማይችሉ ቢሆኑም፣ የያዙት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን የተለያየ ከሆነ፣ በተቀላቀሉ ጊዜ የማሟሟት ኀይል እንደ ገና ያገኛሉ፤ ስብራትና የስንጥቆች መጋጠሚያም ከላይ የወረደው ከታች ከመጣው ጋር የሚገናኝበት አደባባይ ነው። ሁለተኛው ምክንያት መቀዝቀዝ ነው፤ ካልሳይት ከሙቅ ውኃ ይልቅ በቀዝቃዛ ውኃ የሚሟሟ በመሆኑ፣ ከጥልቀ ምድር በስብራት ሽቅብ የሚወጣ ሙቅ ውኃ ጋዙ ካላመለጠው በቀር እየቀዘቀዘ በሄደ ቁጥር ኀይሉ ይታደስለታል። ሦስተኛውም፣ ስብራቱ ከሥር ካሉት ድንጋዮች ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድን እየመራ ማውጣቱ ነው፤ በኒው ሜክሲኮ የሚገኘው የካርልስባድ ዋሻ ታላላቅ አዳራሾች ከሃይድሮጅን ሰልፋይድ በተገኘ ሰልፈሪክ አሲድ የተቦረቦሩ ናቸው።

ለዚህ ሁሉ ግልጽ ምስክር የሚሆነው በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት ደቡብ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የተገኘው አልቢዮን ሲፒዮ የተባለው የነዳጅ ዘይት ስፍራ ነው። ርዝመቱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ስፋቱ በአማካይ ከ2 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ እንዲህ ቀጥ ብሎ የተሰመረው፣ ከሥሩ ባለው ጥንታዊ ድንጋይ ውስጥ የሚያልፈውን ስብራት ስለ ተከተለ ነው። ማግኒዥየም የበዛበት ሙቅና ጨዋማ ውኃ በስብራቱ ወጥቶ የኖራውን ድንጋይ ከፊሉን አሟሟተው፣ ከፊሉንም ዶሎማይት ወደ ተባለ ሌላ ድንጋይ ለወጠው። ከዚያ የወጣውን ናሙና በእጁ ይዞ የተመለከተ ሰው፣ የተሰባበረ ጠቆር ያለ ድንጋይ በነጭ ዶሎማይት ተያይዞ፣ በመካከሉ በቀሩት ጉድጓዶች ግድግዳ ላይም ገጻቸው የተቆለመመ ጥቃቅን ነጫጭ ክሪስታሎች ተደርድረው ያያል። ከመስመሩ ወጣ ብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን የሚያገኘው ጥቅጥቅ ያለውን የጥንቱን ድንጋይ ነው። በቻይናም፣ በታሪም ምድር በሹንቤይ፣ ከ7 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት ዘይቱ የተከማቸው በስብራቶቹ መስመር ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ስብራት ሁሉ መንገድ ይሆናል ማለት ስሕተት ነው። ሁለቱ ወገኖች ሲፋጩ ድንጋዩ በመካከል ደቅቆ እንደ ሸክላ አፈር የላመ እንደ ሆነ፣ ወይም ያለፈው ውኃ ካልሳይቱን መልሶ በስንጥቁ ውስጥ ያጋገረው እንደ ሆነ፣ ያው ስብራት ግድግዳ ሆኖ ውኃውን ያግዳል። ስለዚህ አንዱ ስብራት በጎኑ ባሉት ስንጥቆች ውኃን እያሳለፈ በመካከሉ ሊከለክል ይችላል፤ ምድር በተንቀሳቀሰች ጊዜም የተዘጋው ይከፈታል። ስብራትን ማወቅ ማለት ስፍራውን ብቻ ሳይሆን ታሪኩንም ማወቅ ነው።

ይህ ዕውቀት ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በአሜሪካ በቴነሲ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1913 የተፈጸመው የሄልስ ባር ግድብ በሥሩ ባለው የኖራ ድንጋይ በኩል ውኃ እያፈሰሰ ለዘመናት ካስቸገረ በኋላ፣ በ1967 በሌላ ግድብ መተካት ግድ ሆኖበታል። እንዲህ ባለ ምድር ላይ በስንጥቅ የገባ እድፍም እንደ አሸዋ ምድር ሳይጣራ ፈጥኖ ምንጭ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ በመቀሌም ሆነ በሐረርጌ ወይም በባሌ፣ በኖራ ድንጋይ ላይ የውኃ ጉድጓድ የምታስቆፍሩ፣ ግድብ የምትሠሩ፣ የቆሻሻ መጣያ ስፍራ የምትመርጡ ሁሉ፣ ቁፋሮ ከመጀመሩ አስቀድሞ የስንጥቆቹንና የስብራቶቹን መስመር በካርታ አስነሡ፤ ከሥራው ሁሉ መጀመሪያ የሚሆነውም ይኸው ነው።