ፒክአፕ ወይስ ቪትዝ? የዕቁቡ ብር ባልና ሚስቱን ጀርባ አዟዟረ!

የዚህን ሳምንት ጽሑፍ ያመጣው አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ትዳር ከያዘ ሦስት ዓመት የሆነው፣ ቢሮ የሚውል፣ የአንድ ልጅ አባት ነው። እሱና ባለቤቱ ከአፋቸው እየነጠቁ የጣሉት ዕቁብ ሊወጣላቸው ነው። ከቁጠባቸው ጋር ሲደመር መኪና ይገዛል። እስከዚህ ሰላም! ጣጣው የመጣው “የቱን?” ሲባል ነው። እሱ “ያገለገለ ደብል ጋቢና ፒክአፕ” አለ፤ የጎደለውን ወንድሙ ሊያበድረው ቃል ገብቶለታል። እሷ ደግሞ “ቪትዝ ይበቃናል፣ የሚተርፈው ለልጁ ትምህርት ቤት ይሁን” አለች። “ይኸው ሳምንታችን፣ ማታ ማታ ጀርባ ለጀርባ ነው የምንተኛው። እሷ ‘ጉራህን ነው የምትገዛው’ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ለቤተሰቤ ብዬ ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱን” ይላል ደብዳቤው።

በባልና ሚስት መሀል ገብቶ መፍረድ ከባድ ነው። ቢሆንም አሮጌ ቪትዝ እንኳ ከሚሊዮን ብር በላይ በሚጠራባት በዚህች ከተማ፣ መኪና መግዛት ለአብዛኛው ወጣት ከትዳር ቀጥሎ ትልቁ ውሳኔ ሆኗልና ዝም ብሎ ማለፍም አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ የመለዋወጫው ዋጋ አብሮ ተሰቀለ። አንዴ የተሳሳተ ሰው ቶሎ ሸጦ ቶሎ የሚቀይርበት ዘመን አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ፒክአፕ ክብር እንነጋገር፣ ምክንያቱም ደብዳቤው ባይናገረውም የነገሩ ሥር እሱ ይመስለኛል። ፒክአፕ በእኛ አገር ለብዙ ዘመን የመሥሪያ ቤት፣ የእርዳታ ድርጅትና የኮንትራክተር መኪና ነበር። ከፍ ብሎ የሚሄድ፣ ጭቃ የጠጣ፣ “አለቃ መጣ” የሚያሰኝ! ዛሬም ሃይሉክስ ይዞ የሆቴል በር ላይ የደረሰ ሰው ዘበኛው ፈጥኖ ይከፍትለታል፤ ቪትዝ የያዘው ጡሩምባ ይነፋል። ይህን ሐሰት ነው የሚል ካለ ከተማውን አያውቅም። ግን ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ ለዘበኛ ሰላምታ ተብሎ ዕዳ አይገባም።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይህ ነው። ደብል ጋቢና ፒክአፕ አምስት ሰው ያስቀምጣል፣ ጥሩ። ግን ጋቢናው በረዘመ ቁጥር የጭነት ቦታው ያጥራል። የደብል ጋቢና ጭነት ቦታ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የእናንተ ፍራሽ ስንት ነው? አንድ ሜትር ከዘጠና! ስለዚህ ፍራሹም፣ ቁም ሳጥኑም፣ ሶፋውም ስፖንዳው ተከፍቶ፣ በገመድ ታስሮ፣ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሎበት ነው የሚሄደው። እውነተኛውን ጭነት የሚጭነው ሲንግል ጋቢናው ነው፤ እሱ ደግሞ ሚስትና ልጅ ከነአያታቸው አይዝም። ብዙ ባለደብል ጋቢና የሚገዛው የጭነት መኪናም የቤት መኪናም ያልሆነ ነገር ነው፤ ዋጋውን ግን የሁለቱንም ይከፍላል።

ደግሞ ክፍት ነው። ሾላ ገበያ ገብታችሁ አትክልትና ቅቤ ገዛችሁ እንበል። ከኋላ ትጥሉታላችሁ? መብራት ላይ ስትቆሙ አንዱ ብድግ አድርጎት ይሄዳል፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ይጠጣዋል። ስለዚህ ዘንቢሉ የት ይቀመጣል? የኋላ ወንበር ላይ፣ ልጁ አጠገብ! ልክ እንደ ቪትዝ።

ቪትዟ በበኩሏ የምትናቅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1999 ስትወጣ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ ተሸጠች፣ በማግስቱም የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸለመች። የኋላ በሯ ወደ ላይ ይከፈታል፣ የኋላ ወንበሯ ይታጠፋል። ወንበሩ ሲታጠፍ አንድ ኩንታል ጤፍ ከነሽንኩርቱና ከነዘይቱ ይገባል። የፋሲካ በግም ገብቶ አይቻለሁ (ሽታው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አልወጣም እንጂ!)። ፍሪጅ ግን አይገባም፤ ፍሪጅ ቆሞ እንጂ ተኝቶ ባይሄድ ይመረጣል። የጋዝ ሲሊንደርም በተዘጋ መኪና ውስጥ አጋድማችሁ አትውሰዱ።

ይህን ካልን ወደ ዕለት ተዕለቱ እንምጣ። ዘመናዊው ደብል ጋቢና ሃይሉክስ 5 ሜትር ከ30 ገደማ ይረዝማል። የመጀመሪያዋ ቪትዝ 3 ሜትር ከ60 ገደማ ናት። የአንድ ሜትር ከሰባ ልዩነት ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። እስቲ ምድር ቤት ባለው መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በሁለት ዓምድ መሀል ሞክሩት! ሃይሉክሱ ዞሮ ለመመለስ ከ12 ሜትር በላይ ስፋት ይፈልጋል፣ ቪትዝ 9 ሜትር ገደማ ይበቃታል። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ ደግሞ በየዋና መንገዱ ዳር እንደ ልብ ማቆም ቀርቷል። ቦታ ፍለጋ የሚዞር ሰው ትንሽ መኪና ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ነዳጁስ? ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ስለጀመረ፣ በደርዘን ሊትር የሚቆጠር ልዩነት ቀልድ አይደለም። ሰውየው በቀን 30 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን ቢነዳ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፒክአፑ በከተማ ግፊያ ለመቶ ኪሎ ሜትር 11 ሊትር፣ ቪትዟ 7 ሊትር ይጠጣሉ ብለን እንያዝ (እንደ ሞተሩና እንደ እግራችሁ ይለያያል)። በወር 31 ሊትር፣ በዓመት ከ370 ሊትር በላይ ልዩነት! በዕለቱ ዋጋ አባዙትና ለባለቤትህ አሳያት፣ ወንድሜ። ወይም አታሳያት፣ ለራስህ ብቻ እየው። ጎማው፣ ዘይቱና የኢንሹራንሱ ክፍያ ገና ያልተነሳ ሂሳብ ነው።

አሁን ማንም ሻጭ ወደማይነግራችሁ ወጪ ልምጣ። ዘመድ!

ፒክአፕ የገዛ ሰው ዘመዱ ይበዛል። አንድ የማውቀው የሰፈራችን ልጅ ፒክአፕ በገዛ በመጀመሪያው ቅዳሜ የአጎቱን ልጅ ዕቃ ከጀሞ ወደ አያት አመላለሰ። በሁለተኛው ቅዳሜ የዕድሩን ድንኳንና ወንበር ጫነ፤ ለቀብር ነውና እምቢ አይባልም። ቀጥሎ አማቱ ለአጥር የሚሆን አሸዋ አሰኛቸው። ቀጥሎ የጎረቤት ሠርግ መጣ፣ ቢራና ለስላሳ በሳጥን በሳጥን። “አንተ እያለህ ለሰው መኪና ገንዘብ እንክፈል?” ይላሉ። ነዳጅ የሞላለት አንድም ሰው የለም፤ “እግዜር ይስጥልኝ” ደግሞ ማደያ ውስጥ አይሠራም። ሚስቱ ቅዳሜን የምታውቀው ባሏ ቡናማ ሆኖ፣ አቧራ ለብሶ ሲገባ ነው። በመጨረሻ ሸጠው። ይገርማችኋል፣ የተቀየሙት ዘመዶቹ ናቸው! ቪትዝ የያዘን ሰው ግን ማንም አሸዋ አምጣልኝ አይለውም፤ ቢበዛ “እስከ መገናኛ አድርሰኝ” ነው።

እንዲህ ስል ፒክአፕ ሞኝ የሚገዛው ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ቢሾፍቱ ላይ ዶሮ የምታረባ አንዲት ልጅ አለች። በሳምንት ስድስት ቀን እንቁላል ለአዲስ አበባ ሱቆች ታከፋፍላለች፣ ስትመለስ መኖ ጭና ትገባለች። ሲንግል ጋቢናዋ እንጀራዋ ነው። ለእሷ ቪትዝ መምከር ግፍ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ፣ ሴራሚክ ነጋዴ፣ ከአስፋልት ወጥቶ እርሻ የሚውል ሰው፣ ሁሉም እንደዚያው። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። መኪናችሁ ለግል አገልግሎት ተብሎ ኢንሹራንስ ገብቶ እናንተ በክፍያ የሰው ዕቃ ብትጭኑበት፣ አደጋ በደረሰ ቀን ኢንሹራንሱ “ውሉ ይህን አይልም” ሊላችሁ ይችላል። ውሉ ላይ የተጻፈውን የአገልግሎት ዓይነት አንብቡ።

ቪትዝም የራሷ ደካማ ጎን አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። አንድ ሊትር ሞተር ያላት ቪትዝ አምስት ሰው ይዛ የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ ታቃስታለች። ተርቦ ያለው ናፍጣ ፒክአፕ ይህ ብዙም አይሰማውም። ከመሬት ያላት ከፍታም 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የመንገድ እብጠቱ ሆዷን ይፈትጋታል። ክረምት ላይ መንገድ ላይ የተኛ ጎርፍ ውስጥ በድፍረት አትግቡባት፣ ሞተሩ በአየር ማስገቢያው ውሃ ከጠጣ ጋራዥ ገብቶ ወሬው ሌላ ነው። ሰፈራችሁ ገና መንገድ ያልገባለት፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጭቃ የሚውጠው ከሆነ ይህን በደንብ አስቡበት።

በሌላ በኩል ባዶ ፒክአፕ በዝናብ አስፋልት ላይ የሚያደርገውንም እወቁ። የኋላው ባሌስትራ አንድ ቶን ለመሸከም የተሠራ ነው። ሳይጫን ሲቀር ደረቅ ይሆናል፣ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ወገብ ይንጣል። ጀርባው ቀላል ስለሆነም ኩርባ ላይ በፍጥነት ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል። የቤተሰብ መኪና ብሎ የገዛው ሰው አብዛኛውን ዘመኑን ባዶውን ነው የሚነዳው!

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአውስትራሊያ እንደሚተረከው እ.ኤ.አ. በ1932 አንዲት የገበሬ ሚስት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደን፣ ሰኞ ደግሞ አሳማዎቻችንን ገበያ የሚያደርስ መኪና ሥሩልን ብላ ለፎርድ ጻፈች። ሉ ባንት የሚባል ወጣት ንድፍ አውጪ የቤት መኪናን ከነጭነት ቦታው አንድ አድርጎ ሣለ፤ በ1934 ገበያ ላይ ዋለ። እዚያ አገር እስከ ዛሬ “ዩት” ይሉታል። ልብ በሉ፣ ሴትየዋ በየሳምንቱ የሚሸጥ አሳማ ነበራት። የእኛ ደብዳቤ ጸሐፊ ምን አለው? ቢሮ ነው የሚውለው!

ስለዚህ ፍርዴ ለባለቤቱ ነው። ወንድሜ፣ ያለፈውን ዓመት ካላንደር አውጣና ትልቅ ዕቃ የጫንክበትን ቀን ምልክት አድርግ። ቤት የቀየራችሁበት አንድ ቀን፣ ሶፋ የገዛችሁበት አንድ ቀን፣ ምናልባት አንድ ሁለት ሌላ። ለእነዚያ ቀናት መርካቶ ዳር ተሰልፈው የሚቆሙትን ፒክአፖች ወይ አንድ ኢሱዙ ከነጫኙ ትከራያለህ። ከወንድምህ አትበደር፤ የወንድም ብድር ወለድ ባይኖረውም በየበዓሉ ይታወሳል። በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩት ትንንሽ መኪኖችም ጠይቁ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ቻርጅ የምታደርጉበት መስመር ካላችሁ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከሆናችሁ ግን መጀመሪያ ከግቢው ኮሚቴ ጋር ተነጋገሩ።

የቱንም ግዙ፣ ደላላው በቀጠራችሁ ሰዓት ሳይሆን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ እዩት። ፒክአፕ ከሆነ የጭነት ቦታውን ፕላስቲክ አስነስታችሁ ወለሉን ተመልከቱ፤ ከሥሩ ሻንሲው ላይ የብየዳ ምልክት ካለ፣ ባሌስትራው ላይ የተጨመረ ብረት ካለ፣ ያ መኪና ድንጋይ ሲሸከም የኖረ ነው። ቪትዝ ከሆነች ምንጣፉን አንሱና አሽትቱ፤ የሻገተ ሽታ ካለ ጎርፍ ገብቶባታል። የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻጩ የሚያመጣውን አይደለም። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ፣ ዕዳና እገዳም እንደሌለበት አጣሩ። ደላላው “እኔ አይቼዋለሁ” ቢላችሁም እናንተው ጎንበስ ብላችሁ ቁጥሩን አንድ በአንድ አንብቡት።