መተማ፤ የሰላም ቃል ያልተሰማባት ምድር

የትንሣኤ በዓል በደረሰ ቁጥር ስለ ሕይወትና ስለ ሞት፣ ስለ ፍቅርና ስለ ሕልም ማውሳት ልማዳችን ነው። ዛሬ ሐሳባችን የሚወስደን ከጎንደር ደጋ ቁልቁል ወደ ምዕራብ፣ ፀሐዩ ወደሚበረታበት የመተማ ቆላ ነው።

ሰሊጥ በሚደርስበት ወራት ከደጋው ወደዚያ የሚወርደው ወጣት ሕልም ሰንቆ ይጓዛል። ጥቂት ጥሪት ቋጥሮ ተመልሶ በሬ ሊገዛ፣ ጎጆ ሊቀልስ፣ የወደዳትን ሊያገባ ያስባል። እናቱም ከወባና ከካላዛር እንዲጠብቅላት ስለት ትሳላለች። እርሱ ሕልሙን ተከትሎ ሲሄድ፣ የእናት ፍቅር በጸሎት ይከተለዋል።

መተማ የነገሥታትንም ሕልም አይታለች። በ1880 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ላይ ሐዘን ተደራርቦባቸው ነበር። በጥር ወር የደርቡሽ ጦር ጎንደርን ወርሮ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ። በዚያው ዓመት ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ ዐረፉ። ለበቀል የሚያነሣሣ ምክንያት አላጡም። ሆኖም በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. ለደርቡሾቹ አዛዥ ለሐምዳን አቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጻፉ። የሁለቱም አገር ድኃ ቢተላለቅ ጥቅም እንደሌለው፣ ይልቁንም ሁለቱንም በሚመኙት አውሮፓውያን ላይ መተባበር እንደሚሻል ገለጹ። መልሱ ንቀት የተመላበት እምቢታ ሆነ። እኒሁ ንጉሥ በወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ያስገደዱ መሆናቸውም አይካድም። የሰው ባሕርይ እንዲህ ነው፤ የኃይልና የርኅራኄ ሐሳብ በአንድ ልብ ውስጥ ያድራሉ።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም በሁለተኛ ሳምንቱ ላይ ሳለ፣ ውጊያው መተማ ላይ ሆነ። አቡ አንጃ ቀደም ብሎ ሞቶ ስለነበር ጦሩን የመራው ዘኪ ጡማል ነበር። ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያን ባዘነበለበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ሠራዊቱ ተበተነ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከዚያስ? ሰባት ዓመት ሳይሞላ የኢጣሊያ ጦር አድዋ ደረሰ። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ የደርቡሾች መንግሥት በእንግሊዞች መድፍ ወደቀ። ደብዳቤው ያሳሰበው ስጋት በሁለቱም ላይ ደረሰ።

ዛሬ ከተማይቱ መተማ ዮሐንስ ተብላ በንጉሡ ስም ትጠራለች። እኛንም ሌላ ፈተና ጠብቆናል። ሱዳንን ያመሰው ጦርነት የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በእኛ ቀዳም ሥዑር ዕለት ነበር። ቄጤማ በራሳችን አስረን ለፋሲካ ስንሰናዳ ካርቱም በእሳት ትነድ ነበር። በተከታዮቹ ሳምንታት ከገላባት ወደ መተማ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተሻገሩ፤ ሱዳናውያን ነበሩ፣ እንጀራ ፍለጋ ሄደው የነበሩ ወገኖቻችንም ነበሩ። የሱዳን ስደተኞች በኩመርና በአውላላ ጣቢያዎች ተጠለሉ። የትናንት ባላጋራ የልጅ ልጅ፣ ሕፃኑን አዝሎ ከደጃችን ቆመ።

እንግዳ መቀበል ባህላችን ነው ብለን እንመካለን። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በዘረፋና በጥቃት የተማረሩ ብዙ ስደተኞች አውላላን ለቀው በእግር መጓዛቸውን መሸሸግ አይገባንም። ፍቅር በቃል ቀላል፣ በተግባር ከባድ ነው።

ጌታችንም በሕፃንነቱ በእናቱ እቅፍ ሆኖ ወደ ግብፅ መሰደዱን እናስባለን። እንግዲያው ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው ማዕድ ዙሪያ ስንሰበሰብ ከበራችን የራቀ ልጅ ያላትን እናት፣ አገሩ የነደደችበትንም ጎረቤት እናስብ። ያ የሰላም ቃል መተማ ላይ ሰሚ አጥቶ ነበር፤ በየቤታችን ግን ሰሚ ሊያገኝ ይችላል።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንልን።