የእናቴን ንቅሳት ማን አጠፋው?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ካሴት ነው። "ኧረ በዚህ ዘመን ካሴት!" እንዳትሉኝ፣ ታገሱኝ።

ታላቅ እህቴ የተዳረችው ጥር 1986 ዓ.ም ነው። ያኔ ሠርግን በቪዲዮ ማስቀረጽ የክብር ጉዳይ ነበርና አባቴ ተበድሮም ቢሆን ካሜራ ያዥ አስመጣ። ካሴቱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ግማሹ የመኪና ሰልፍ ነው። ሩቡ ደግሞ ሰው ሲበላ ነው (ካሜራ ያዦቻችን የጎረሰ ሰው ፊት ላይ ማተኮር ለምን እንደሚወዱ ዛሬም አልገባኝም)። በመካከሉ ግን አንድ ደቂቃ ያህል እናቴ አለች። ጥበቧን ለብሳ፣ እልል እያለች፣ ካሜራው ፊቷ ድረስ ቀርቦ… አገጯ ላይ ያለችው ንቅሳት ደብዘዝ ብላ ትታያለች። እናቴ ካረፈች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ድምጿ የሚሰማበት ሌላ ምስል የለንም።

እህቴ የምትኖረው ዋሽንግተን ነው። "ካሴቱን አስገልብጥና ላክልኝ" አለችኝ። ዴክ የሚባል ነገር ከቤታችን ከጠፋ ቆይቷል፣ ስለዚህ አንድ ቪዲዮ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ገና ፍንዳታ ነው።

"ፋዘር፣ እንዲሁ ልገልብጠው ወይስ በኤአይ ላጽዳልህ? ፎር ኬ ይሆናል" አለኝ።

"ፋዘር" ማለቱን ዋጥ አድርጌ "አጽዳው" አልኩ። ማን ቆሻሻ ይወዳል?

በሳምንቱ ስቀበል ምን ልበላችሁ፣ ቦግ ብሏል! ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ፣ ያ ሁሉ ጭረት የለም። ጥበቡ ያበራል፣ የሙሽራዋ ቬሎ በረዶ መስሏል። ደስ ብሎኝ ላክሁላት። በዚያው ሌሊት ስልኬ ጮኸ።

"አንተ፣ የእማዬ ንቅሳት የት ሄደ?"

ከፍቼ አየሁ። እውነቷን ነው። አገጯ እንደ ሸክላ ለስልሷል። ንቅሳቷ የለም፣ ከዓይኗ ሥር ያሉት መስመሮችም የሉም። አንዲት የማላውቃት ቆንጆ ሴትዮ የእናቴን ቀሚስ ለብሳ እልል ትላለች።

በማግስቱ ልጁ ዘንድ ተመልሼ ጮህኩበት። እሱ ግን አልተደናገጠም። "ሆሊውድም እኮ የሚያደርገው ይኼንኑ ነው!" አለኝ። ተናደድኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን፣ የልጁ አባባል እውነትነት አለው።

"ፕሬዳተር"ን ታስታውሱታላችሁ? አርኖልድ ጫካ ውስጥ ጭቃ ተቀብቶ ከዚያ አውሬ ጋር የተናነቀበትን? ፊልሙ የተሠራው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በብሉ ሬይ እንደገና ሲወጣ በጣም ከመጽዳቱ የተነሳ የተዋናዮቹ ፊት ሰም መሰለ። ላቡና የፊታቸው ሸካራነት ሁሉ ታጥቦ ወጣ። የፊልም ወዳጆች እስከ ዛሬ መጥፎ ሥራ ማለት ሲያምራቸው የሚጠቅሱት እሱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድሮው ፊልም ላይ ምስሉን የሚይዙት ብርሃን ሲነካቸው የሚለወጡ ጥቃቅን የብር ውህድ ቅንጣቶች ናቸው። ስክሪኑ ላይ ደቃቅ አሸዋ የሚርመሰመስ የሚመስላችሁ ከእነሱ የሚመጣ ነው። ቆሻሻ አይደለም፣ ምስሉ ራሱ የተሠራው በዚያ ነው! የሠርግ ካሴት ላይ ያለው መንቀጥቀጥ ግን እውነትም ቆሻሻ ነው። ችግሩ ማሽኑ ሁለቱን አይለይም። ለእሱ ደቃቅ ነገር ሁሉ አንድ ነው፣ አሸዋውም፣ ጭረቱም፣ የቆዳ ሸካራነትም፣ ንቅሳትም። የአሁኑ ኤአይ ደግሞ አጥፍቶ ብቻ አይተውም፣ በባዶው ቦታ ላይ "እንዲህ ሳይሆን አይቀርም" ብሎ የራሱን ግምት ይስላል። በ2024 እ.ኤ.አ. የጄምስ ካሜሮን "ኤሊያንስ" እና "ትሩ ላይስ" በፎር ኬ ዲስክ ሲወጡ ብዙ ተመልካች "ይህ ፊት የሰው አይመስልም" ብሎ ያጉረመረመው ለዚህ ነው።

ታዲያ ባለቤቱ ራሱ ከፈለገውስ? እዚህ ላይ ነው ጉዱ! "ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን" የሚባለው የ1971 እ.ኤ.አ. ፊልም አምስት ኦስካር ያገኘ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ለብሉ ሬይ ሲዘጋጅ ዳይሬክተሩ ዊሊያም ፍሪድኪን ቀለሙን ራሱ ቀየረው፣ አደበዘዘው። ፊልሙን በካሜራ ያነሳው ኦወን ሮይዝማን ደግሞ ሥራዬን አበላሸብኝ ብሎ በአደባባይ ተቃወመ። ሁለቱም ሠሪዎቹ ናቸው! በ2012 እ.ኤ.አ. ሮይዝማን የተሳተፈበት ሌላ እትም ወጣ። ሁለቱም በ2023 እ.ኤ.አ. አረፉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከካሜራ ሠሪው ጋር ነኝ። ሕዝብ በ1971 ሲኒማ ገብቶ ያየውን ፊልም ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ሄዶ መቀየር ለዳይሬክተርም ቢሆን ይከብዳል ባይ ነኝ።

"ማትሪክስ"ም እንዲሁ ነው። ሁላችንም አረንጓዴ ፊልም አድርገን ነው የምናስታውሰው። ያን ያህል አረንጓዴ የሆነው ግን ኋላ ላይ በወጡት የዲስክ እትሞች ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የካሜራ ባለሙያው ቢል ፖፕ ተቆጣጥሮት በፎር ኬ ሲወጣ አረንጓዴው ቀለል ብሎ ተገኘ። "ቀለሙን አጠፉት" ያለ ሰው አላጣሁም!

ይሁንና "የድሮው ይሻላል" ለማለት አትቸኩሉ። እኔ ያደግኩት ሰፈራችን ባለች ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቄ፣ ከፊት ለፊት የተቀመጠን ሰው "ጎንበስ በል!" እያልኩ ነው። ያ ካሴት ምን ያሳየን ነበር? ለሲኒማ ሰፊ ሆኖ የተሠራ ፊልም ለያኔው ቴሌቪዥን እንዲመች ግራና ቀኙ ይቆረጥ ነበር። በጣም ሰፊ ከሆኑት ላይማ ከ40 በመቶ በላይ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሲኒማ በሴኮንድ 24 ምስል ሲያሳይ እኛ የምንጠቀምበት ፓል የተባለው ዘዴ 25 ስለሚያሳይ፣ የሁለት ሰዓት ፊልም አምስት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ያልቅ ነበር። አርኖልድን በቀጭን ድምፁ ነበር የምናውቀው ማለት ነው! በደንብ የተሠራ ፎር ኬ ከዚያ ሁሉ ይልቅ ለሠሪው ሐሳብ ይቀርባል። የኃይሌ ገሪማ "ሳንኮፋ" በ1993 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በፎር ኬ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ ብዙ ወጣት ያየው ያኔ ነው። ማሳደስ ኃጢአት አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ፊልሙ ጤነኛ ሆኖ ቴሌቪዥናችሁ ነው የሚያበላሸው። አዲስ ቴሌቪዥን ገዝታችሁ ታላቅ ፊልም እንደ ተከታታይ ድራማ ወይም እንደ ኳስ ጨዋታ ከመሰላችሁ፣ ማሽኑ በምስሎች መካከል የሌለ ምስል እየፈጠረ እያስገባ ነው። ቶም ክሩዝ ሳይቀር በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. ከዳይሬክተር ክሪስቶፈር ማኳሪ ጋር ሆኖ "ይህን ነገር አጥፉ" ብሎ በቪዲዮ ተማጽኗል። ሪሞቱን አንሱና የምስል ሴቲንግ ውስጥ ግቡ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ "ፊልም ሜከር ሞድ" የሚል ምርጫ የወጣላቸው ቴሌቪዥኖች አሉ፣ እሱን ምረጡ። ከሌለ "ሲኒማ" ወይም "ሙቪ" የሚለውን ያዙና እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን አጥፉት። መጀመሪያ ቀን ቢጫ ይመስላችኋል። ትለምዱታላችሁ።

የቤተሰብ ካሴት የምታስገለብጡ ደግሞ እባካችሁ መጀመሪያ ያልተነካውን ግልባጭ ጠይቁ። ማጽዳት ከፈለጋችሁ ከዚያ ሌላ ኮፒ ላይ ይጽዱላችሁ። ካሴቱንም አትጣሉ!

እኔ ልጥለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ደግነቱ ልጁ ጋ ረስቼው ስለነበር መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። "በቃ እንዳለ ገልብጠው፣ ምንም እንዳትነካ" አልኩት። ገለበጠ፣ ሂሳብም አልተቀበለኝም። ምስሉ ከታች በኩል ይንቀጠቀጣል፣ ቀለሙ ይፈሳል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። ለእህቴ ላክሁላት።

በስልክ እያወራን ከፈተችው። የእናቴ እልልታ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። ቆይታ "አለች፣ አገጯ ላይ አለች" አለችኝ። ከዚያ ከመጀመሪያው አስጀመረችው፣ የመኪናውን ሰልፍ ሳይቀር።